ከአልጋው እስከ ሽንት ቤት አርባ አንድ እርምጃ

ሐኪሟ ጥያቄውን የጠየቀችን ከካርዱ ላይ ቀና ሳትል ነው።

«በቤተሰባችሁ ውስጥ፣ በአባት ወይም በእናት ወገን፣ ካደገ በኋላ አልጋ ላይ ሽንት ያመልጠው የነበረ ሰው አለ?»

ባለቤቴ «በእኔ በኩል አላውቅም» አለችና ወደ እኔ ዞረች። ልጃችን በሁለታችን መሀል ተቀምጦ የጫማውን ማሰሪያ ያያል።

«በእኔም በኩል የለም» አልኩ። ሐኪሟ ጻፈች።

ውሸት ነው። እኔ ራሴ እስከ አሥራ ሰባት ዓመቴ ድረስ አልጋዬ ላይ እየሸናሁ ነው ያደግኩት።

ይህንን ከሁሉም በፊት የማስቀምጠው ቀጥሎ የሚመጣው ነገር ሁሉ ከዚያች መልስ ስለሚነሣ ነው። ሥራዬ ዘጋቢነት ነው፤ ከሃያ ዓመት በላይ በሬዲዮ ሠርቻለሁ። ያልተጣራ ነገር አየር ላይ እንዳይወጣ ብዬ ከአለቆቼ ጋር ተጣልቼ አውቃለሁ። በዚያች ክፍል ውስጥ ግን እዚያ ከነበርነው ከእኔ በቀር ማንም የማያውቀውን ነገር ድምፄ ሳይንቀጠቀጥ ካድኩ። ይህንን ልጽፍ ነው ብዬ ልጄን ጠይቄዋለሁ። «ስም ካልጠራህ ምን ቸገረኝ» አለኝ። ስለዚህ የማንንም ስም አልጠራም።

ያኔ አሥራ ስምንት ዓመት ሊሞላው ጥቂት ወራት ቀርተውት ነበር። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ነው። የመልቀቂያ ፈተናው እንደ እኛ ጊዜ ተማሪው በሚማርበት ትምህርት ቤት አይሰጥም። ተማሪው አንሶላና ብርድ ልብሱን ይዞ ዩኒቨርሲቲ ይገባል፤ እዚያው ይበላል፣ እዚያው ያድራል፣ ፈተናው እስኪያልቅ ከግቢ አይወጣም፣ ስልክም አይዝም። ኩረጃን ለማስቀረት የመጣ አሠራር ነው። ሲጀመር እኔም ዘግቤዋለሁ። ስለ ምግቡ፣ ስለ ውሃው፣ ስለ ጥበቃው ጠይቄ ጽፌያለሁ። ሌሊት ሽንት የሚያመልጠው ተማሪ ምን ይሆናል ብዬ ግን አንድም ኃላፊ አልጠየቅኩም።

ልጄ ለፈተና ለመቀመጥ አራት ሌሊት ከማያውቃቸው ልጆች ጋር አንድ ክፍል ውስጥ ማደር ነበረበት። ከቤታችን ውጭ አድሮ አያውቅም። የጓደኞቹ ልደትም፣ የሰንበት ትምህርት ቤት ጉዞም፣ የአክስቱ ቤትም ሲመጣ ሆዱን ያመዋል፣ ወይም ፈተና አለበት። ከፋሲካ በኋላ አንድ ቀን ምሳ ላይ፣ እጁን ሳይታጠብ ቆሞ፣ «ፈተናው ይቅርብኝ» አለን።

«ምን ማለት ነው ይቅርብኝ?» አለች እናቱ።

«ይቅርብኝ ማለት ይቅርብኝ ነዋ። መካኒክ እሆናለሁ። መካኒክ ቤቱ ነው የሚያድረው።»

እናቱ ሳቀች፤ ከዚያ ወዲያው ማልቀስ ጀመረች። በነጋታው መካኒሳ የሚገኝ አንድ ክሊኒክ ሄድን። ፈተናው ሁለት ወር ከጥቂት ቀን ቀርቶት ነበር።

የምንኖረው ሀይሌ ጋርመንት አካባቢ ካለ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ውሃ በሳምንት ሁለት ቀን ይመጣል፤ አንዳንዴ አንድ ቀን። በርሜሎቻችንን የምንሞላው እንደ ጎረቤቶቻችን ለምግብና ለመጸዳጃ ብቻ አይደለም፤ ለአንሶላም ነው። በየቀኑ አንሶላ የሚታጠብበት ቤት ኮንዶሚኒየም ውስጥ አይደበቅም። የልብስ ማስጫው ገመድ የጋራ ነው። አንዲት የሦስተኛ ፎቅ ጎረቤታችን ደረጃው ላይ አግኝታን «ጋሼ፣ እናንተ ቤት ሕፃን መጣ እንዴ? ገመዱን እኮ ጨረሳችሁት!» አለችኝ።

ባለቤቴ ቀደመችኝ። «እሱ ነው እባክሽ፣ ላብ ያሠቃየዋል።»

«በላብ ነው ይሄ ሁሉ? ኧረ ይታከሙ ጋሼ!»

እታከማለሁ አልኩና ወረድኩ። ልጄ ከኋላችን ነበር። ባለቤቴ የእሱን በእኔ ላይ ስታደርግ ሰምቷል። እኔም ተራ ቀልድ እንደሰማ ሰው ሆንኩ።

ቤት ውስጥ የሞከርነው ብዙ ነው። ከምሽቱ አሥራ ሁለት ሰዓት በኋላ ውሃ አይጠጣም። እናቱ ሌሊት ሁለት ጊዜ ትቀሰቅሰዋለች፤ ቆሞ ይሄዳል፣ ይሸናል፣ ጠዋት ምንም አያስታውስም፤ አንዳንዴ ከዚያም በኋላ አልጋው ርሶ ይገኛል። እንቅልፉ ድንጋይ ነው። ላስቲክ ከፍራሹ ላይ አነጠፍን፤ ሲገላበጥ ይንኮሻኮሻል፣ ድምፁ ከሳሎን ይሰማል። እኔ ያደረግኩት አስተዋጽኦ ምክር ነበር። አሥራ ሦስት ዓመት ሲሆነው ጠርቼ «ስንፍና ነው። ሰውነትህን እዘዘው» ብዬዋለሁ። እነዚህ ቃላት የራሴ አይደሉም። አባቴ ለእኔ ያለኝ ናቸው፤ ያኔም አልሠሩም።

የተወለድኩት መካኒሳ ነው። ከቤታችን ጀርባ ገና ጤፍ ይዘራ ነበር። ከታላቅ እህቴ ጋር በአንድ የጥጥ ፍራሽ ላይ እንተኛለን። አሥር ዓመቴ ላይ፣ ለበዓል ቤት ሲዘጋጅ፣ እናታችን በሰፈር እየጮኸ የሚያልፈውን ፍራሽ አዳሽ አስገባች። ሰውየው ግቢያችን መሀል ፍራሹን ቀዶ ጥጡን ሲያወጣ ጎረቤቶች ቆመው ያያሉ። መሀሉ ላይ ያለው ጥጥ ቢጫ ሆኖ በስብሷል። ሰውየው በዱላው አንሥቶ ለሁሉም አሳየው።

«እዚህ ላይ የሚተኛው ማነው? ዋናተኛ ነው እንዴ?»

ግቢው በሳቅ ሞላ። እኔ ከውሃው በርሜል ጀርባ ቆሜያለሁ። እህቴ አሥራ አራት ዓመቷ ነበር። «እኔ ነኝ» አለች። ሽንታም የሚለው ስም ከዚያ ቀን ጀምሮ ለዓመታት እሷን ተከተላት፤ ውሃ ስትቀዳም፣ ከትምህርት ቤት ስትመለስም። እኔን ከቤታችን ሰው ውጭ ማንም ጠርጥሮኝ አያውቅም። አሥራ ሰባት ዓመቴ ላይ በአንድ ክረምት ሽንቱ በራሱ ጊዜ ቆመ። ለምን እንደቆመ አላውቅም። ለምን እንደነበረም ማንም አልነገረኝም። ያኔ ያደረግኩት አንድ ነገር ቢኖር እንዳልነበረ ማድረግ ነው።

ወደ ሐኪሟ ልመለስ። ወጣት ናት፤ ቀስ ብላ ትናገራለች፣ የተናገረችውን እንደገና ለመድገም አይሰለቻትም። ልጄን እያየች ነው ያስረዳችው።

«ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ከሕፃንነት ጀምሮ ያላቋረጠ ነው። ሌላው ቆሞ ቆይቶ እንደገና የሚጀምር። ቆሞ የጀመረ ከሆነ ምክንያቱን ማደን አለብኝ። ስኳር ሊሆን ይችላል፣ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን፣ የሆድ ድርቀት፣ የጀርባ ነርቭ፣ የሚወሰድ መድኃኒት፣ ከባድ ጭንቀት። ያላቋረጠው ደግሞ ብዙ ጊዜ በቤተሰብ የሚመጣ ነው። ሰውነት ሌሊት ሌሊት ሽንት የሚቀንስበት ንጥረ ነገር አለው፤ እሱ በበቂ አይመነጭም። ወይም ፊኛው ብዙ መያዝ አይችልም። እንቅልፉም ከባድ ከሆነ ፊኛው ሞላሁ ሲል አይሰማም።»

«ስንፍና አይደለም?» አለ ልጄ። በዚያ ቀን ራሱ ጠይቆ የተናገረው ይህንን ብቻ ነው።

«ማነው ስንፍና ነው ያለህ?»

«ማንም።»

ልጄ አምስተኛ ክፍል እያለ ችግሩ ለጥቂት ወራት ቆሞለት ነበር። ስለዚህ ሐኪሟ በሁለቱ ዓይነት መካከል ቆመች። የቤተሰቡን ነገር የጠየቀችውም ለዚህ ነው። እኔ የለም ስል «እንግዲያው ሌላ ምክንያት እንዳያመልጠኝ ልመርምረው» አለች። ትክክል ናት። የተሰጣትን መረጃ ይዛ ነው የሠራችው። እኔም በየቀኑ የምሠራው እንደዚያው ነው፤ መረጃው የተበላሸ ከሆነ ከዚያ በኋላ ያለው ጥንቃቄ ሁሉ ወደ ተሳሳተ ቦታ ያደርሳል።

የስኳር ምርመራው አንድ ቀን ፈጀ። የፊኛና የኩላሊት አልትራሳውንድ ሁለት ጊዜ ተነሣ፤ በመጀመሪያው ቀን ውሃ ጠጥቶ አልሄደም፤ ውሃ አለመጠጣት ለምዶበታል። የጀርባው ራጅ ወደ ሌላ ሆስፒታል ተላከ። ራጁን የሚያነብልን የነርቭ ሐኪም ቀጠሮ የሰጠን ከአምስት ሳምንት በኋላ ነው። ቀኖቹን በኪሴ ማስታወሻ ላይ እጽፋለሁ፤ ጽፌ ሳበቃ ፈተናው የቀረውን ቀን አጠገቡ አኖራለሁ።

በአንዱ ቀን ከልጄ ጋር ከምርመራ ስንመለስ ታክሲ ውስጥ ከኋላ ወንበር ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠናል። «ስኳር ቢሆን ይሻል ነበር» አለኝ።

«ምን ነካህ? ስኳር እኮ ዕድሜ ልክ ነው።»

«ስኳር ለሰው ይነገራል» አለ።

ረዳቱ ሒሳብ ሲለን ሁለታችንም ደነገጥን።

እህቴ ሀና ማርያም ነው የምትኖረው፤ ከቤቷ ፊት ለፊት ትንሽ ሱቅ አላት። እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ሄድኩባት። ሁሉንም ከባለቤቴ ሰምታለች።

«ጠየቁህ?» አለችኝ፣ ነጠላዋን ሳታወልቅ።

«ጠየቁኝ።»

«ምን አልክ?»

ወደ መንገዱ ዞርኩ። ታውቀኛለች።

«አንተ ሰውዬ! ይሄ ነገር ካለፈ ስንት ዘመኑ ነው? ነው ወይስ አሁንም ትሸናለህ?»

«እትዬ፣ ተይ በናትሽ።»

«ታዲያ ምን አሳፈረህ? እኔ ያልሸናሁትን ሸናሁ ብዬ ነው ሽንታም ስባል ያደግኩት። አንተ የሸናኸውን አልሸናሁም ትላለህ? ያውም ለገዛ ልጅህ!»

«ከፈተናው በፊት እነግረዋለሁ።»

«ዛሬ ንገረው። ሐኪሟን ብትፈልግ ተዋት። ለእሱ ንገረው።»

ከሀና ማርያም እስክመለስ ድረስ የምለውን እያዘጋጀሁ መጣሁ። «እኔም እንዳንተ ነበርኩ» ነው፤ ሦስት ቃል ነው። ከዚህ የበለጠ አጭር ዜና ጽፌ አላውቅም። ቤት ስገባ ልጄ የሒሳብ ጥያቄ ይሠራል። አጠገቡ ቆምኩ። ቀና ብሎ አየኝ። «ምሳ በላህ?» አልኩት።

ምክንያቱን በኋላ ብዙ ጊዜ አስቤበታለሁ። ሰውነትህን እዘዘው ያልኩት ልጅ ነው። እኔ አዝዤው እንዳልቆመ ከነገርኩት አምስት ዓመት ሙሉ ያለ ጥፋቱ ሲወቀስ እንደኖረ እነግረዋለሁ ማለት ነው። ባለቤቴም አለች፤ በትዳራችን ሁሉ ያልነገርኳት ነገር ነው። ከዚህ የተሻለ ማብራሪያ የለኝም።

ለፈተናው ሁለት ሳምንት ሲቀረው ጋዜጠኞች የአንዱን ዩኒቨርሲቲ ዝግጅት እንድናይ ተጠራን። ልጄ የሚገባበት ግቢ ነው። ይህን ሲሰማ ከክፍሉ ወጣ።

«አባዬ፣ ዶርሙን ታያለህ አይደል?»

«አያለሁ።»

«ፍራሹ ላስቲክ አለው ወይ የሚለውን እይልኝ። ሽንት ቤቱ ምን ያህል እንደሚርቅ። ሌሊት ኮሪደሩ ላይ መብራት ይበራ እንደሆነ። ባንክ ቤድ፣ ተደራራቢ አልጋ ከሆነ፣ ታችኛውን ማን እንደሚይዝ።»

እንደ አዘጋጅ አንድ በአንድ ነገረኝ፤ እኔም ጻፍኩ። በማግስቱ ባልደረቦቼ ስለ ካሜራና ስለ ፌዴራል ፖሊስ ሲጠይቁ እኔ መኝታ ክፍሉ ውስጥ ወደ ኋላ ቀረሁ። ፍራሾቹን በእጄ ጫን ጫን አደረግኩ። ከሩቁ አልጋ ተነሥቼ እስከ ሽንት ቤቱ ድረስ እየቆጠርኩ ሄድኩ። አንድ ካሜራ የያዘ ወጣት ኮሪደሩ ላይ ቆሞ ያየኛል።

«ጋሼ፣ ምን ጠፋብህ?»

«ምንም። ለዘገባ ነው።»

«እርምጃ የሚቆጠርበት ዘገባ ምን ዓይነት ነው? መሬት ልትመሩን ነው እንዴ?»

እየሳቀ ሄደ። ቆጠራውን ስለረሳሁት ተመልሼ እንደገና ጀመርኩ። አርባ አንድ እርምጃ። የመኝታ ክፍሉ ስምንት አልጋ አለው፣ አራት ከታች፣ አራት ከላይ። አዲሶቹ ፍራሾች የፋብሪካ ላስቲካቸው አልወጣም፤ አሮጌዎቹ ላስቲክ የላቸውም። የኮሪደሩ መብራት ሌሊት አይጠፋም ብለውኛል። ከሽንት ቤቶቹ የሁለቱ መቀርቀሪያ ተሰብሯል። ውሃ በበርሜል፣ ማንቆርቆሪያ አጠገቡ።

ይህንን በአንድ ገጽ ጽፌ ሰጠሁት። ሁለት ጊዜ አነበበው። ከዚያ እስክሪብቶ አንሥቶ ክፍሉን በወረቀቱ ጀርባ ላይ ሣለው፤ በሩን፣ አልጋዎቹን፣ ኮሪደሩን።

«ከበሩ አጠገብ፣ ታችኛውን ከያዝኩ፣» አለ፣ «ቀድሜ ከገባሁ… እችላለሁ መሰለኝ።» ቀና ብሎ ሳቀ። «አባዬ ቀሽት ነህ።»

እችላለሁ ሲል ከሰማሁት ዓመታት አልፈዋል። የምነግረው ያኔ ነበር። ሁለታችንም አንድ ወረቀት ላይ አጎንብሰናል፣ እናቱ ወጥታለች። እኔ ግን ጣቴን ሥዕሉ ላይ አድርጌ «ከበሩ በስተግራ ያለው ይቀርባል» አልኩት።

የራጁ ውጤት የተነበበው ከዚያ በኋላ ነው። ጀርባው ደህና፣ ኩላሊቱ ደህና፣ ስኳር የለም። ሐኪሟ ወረቀቶቹን ደረደረችና «በቤተሰብ ባይኖርም ከሕፃንነት የቆየው ዓይነት ነው ማለት ነው» አለች። የሌሊቱን ሽንት የሚቀንስ መድኃኒት እንዳለ ነገረችን። ከመኝታ በፊት ይወሰዳል፤ ከተወሰደ በኋላ እስከ ጠዋት ብዙ ውሃ መጠጣት አደገኛ ነው፤ መጠኑ ለእያንዳንዱ ሰው እየታየ ስለሚስተካከል ከቤት ውጭ ከማደሩ ሳምንታት አስቀድሞ ቢሞከር ጥሩ ነው። ሽንት ሲነካው የሚጮህ መሣሪያም አለ፤ እሱ ግን ወራት ይፈልጋል፣ እዚህ አገር ሲሸጥም አላየችም።

«ከሁለት ወር በፊት ጀምረነው ቢሆን» አለች። ማንንም ለመውቀስ አይደለም፤ ቀን እየቆጠረች ነው። ልጄ ወደ እኔ አላየም። እኔ ግን ወደ ግድግዳው አየሁ።

መድኃኒቱን ለማግኘት አንድ ሳምንት በየፋርማሲው ዞርኩ። ሲገኝ ለመግባቱ ሁለት ሌሊት ቀርቷል። በመጀመሪያው ጠዋት አንሶላው ደረቅ ነበር። እናቱ እልል ልትል ምንም አልቀራት፤ አፏን በእጇ ያዘች። በሁለተኛው ጠዋት ርሷል። ሐኪሟ በስልክ መጠኑን ከፍ አደረገችውና ለግቢው የሚሆን ወረቀት ጻፈችልን። ወረቀቱ ላይ የመድኃኒቱ ስምና ምክንያቱ በግልጽ ተጽፏል።

የመግቢያው ቀን ሰልፉ ከበሩ ጀምሮ መንገዱን ይዟል። ወላጆች በሩ ላይ ከተወጠረው ገመድ ወዲህ ነን። ፈታሿ የልጄን ቦርሳ ከፍታ የመድኃኒቱን ካርቶን አወጣች።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«መድኃኒት ነው።»

«የምን?»

ከኋላው ያለው ልጅ አንገቱን አስግጎ «ወንድሜ፣ ማትስ የሚያሠራ ክኒን ከሆነ ለእኛም በትን!» አለ። ሰልፉ ሳቀ።

«የራስ ምታት ነው» አለ ልጄ።

«ለራስ ምታት ውስጥ ክሊኒክ አለ። የሐኪም ወረቀት ከሌለህ አይገባም። አለህ?»

ወረቀቱ እኔ የደረት ኪስ ውስጥ ነው። ልጄ ዞሮ አየኝ። ራሱን በትንሹ፣ ከእኔ በቀር ማንም በማያየው መጠን፣ ነቀነቀ። አታውጣው ማለቱ ነው። «የለኝም» አላት።

«አባት፣ ይውሰዱት» ብላ ካርቶኑን በገመዱ ላይ አሻግራ ሰጠችኝ። ወሰድኩ። «አንድ ጊዜ ወደ ጎን ላነጋግርዎ» የሚለውን በሥራዬ በቀን ብዙ ጊዜ እላለሁ፤ ሚኒስትርም ቢሆን፣ የበር ጠባቂም ቢሆን። በዚያ ቀን አላልኩም። ልጄ ብርድ ልብሱን አቅፎ ገባ።

በሦስተኛው ቀን ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ በሩ ተንኳኳ። ባለቤቴ ሥራ ላይ ናት፤ እኔ የማታ ተረኛ ስለነበርኩ ቤት ነኝ። ልጄ ነው። ብርድ ልብሱን በፌስታል ጠቅልሎ ይዟል፤ አንሶላው የለም።

«ምነው? ዛሬ ፈተና የለም እንዴ?»

«አለ።»

«ታዲያ?»

«ላይኛው አልጋ ነው የደረሰኝ፣ አባዬ።»

አልጋ የሚያዘው ቀድሞ በመግባት አልነበረም። በስም ዝርዝር ተለጥፎ ነው የጠበቃቸው። ይህንን በጉብኝቱ ቀን ሳልጠይቅ ቀርቻለሁ። የመጀመሪያውን ሌሊት ግድግዳ ተደግፎ ቁጭ ብሎ አነጋ፤ የማግስቱን ፈተና ዓይኑን እያሸ ሠራ። በሁለተኛውም ሌሊት ቁጭ ብሎ ነበር፤ ሊነጋጋ ሲል እንቅልፍ ጣለው። የቀሰቀሰው ከታች የተኛው ልጅ ጩኸት ነው። አሮጌው ፍራሽ ነበር፤ ላስቲክ አልነበረውም።

«ጣራው ያፈሳል አሉ» አለኝ። ድምፁ ውስጥ ምንም የለም። «አንዱ ፎጣውን ሰጠኝ። ሌሎቹ… ያው። ከወጣህ አትመለስም አለኝ ጥበቃው። ፈርሜ ወጣሁ።»

ውሃ ልሰጠው ተነሣሁ። ከዚያ ተመልሼ ተቀመጥኩ።

«ስማኝ» አልኩት። «እኔም እንዳንተ ነበርኩ። እስከ አሥራ ሰባት ዓመቴ።»

ፌስታሉን ወለሉ ላይ አስቀመጠ። ቢጮህብኝ እመርጥ ነበር።

«ሐኪሟ ስትጠይቅህ አጠገብህ ተቀምጬ ነበር» አለ።

«አዎ።»

«የለም አልካት።»

«አዎ።»

«ስንፍና ነው ያልከኝም አንተ ነህ።»

«አዎ።»

«እኔ እኮ» አለ፣ «በዚህ ዕድሜው እንደዚህ የሚሆን በዓለም ላይ እኔ ብቻ ነኝ ብዬ ነው የማስበው። እዛ አልጋ ላይ ቁጭ ብዬ ሳነጋ እንኳን…» አልጨረሰውም። ተነሥቶ ልብሱን በቦርሳ ከተተና ሀና ማርያም አክስቱ ጋ ሄደ። ዕድሜውን ሙሉ አላድርም ያለበት ቤት ነው። ማታ ባለቤቴ ከሥራ ስትመለስ ሁሉንም ነገርኳት። «ለእኔስ?» ብላ ብቻ ጠየቀችኝ፤ መልሱን አልጠበቀችም።

ብቻዬን ወደ ክሊኒኩ ሄጄ ለሐኪሟም ነገርኳት። አልተቆጣችም። «አባቶች ብዙ ጊዜ አይናገሩም» አለች። «እዚህ ወንበር ላይ ባለ ትዳሮች ተቀምጠው ያውቃሉ፤ ሚስቶቻቸው እንኳ የማያውቁላቸው። አንዱ ሲመረመር ስኳር ይገኝበታል፣ አንዱ ፕሮስቴት፣ አንዱ ሲተኛ ትንፋሹ የሚቆራረጥ። የእንቅልፍ ክኒን ወይም መጠጥ የሆነባቸውም አሉ። እንደ ልጅዎ ከሕፃንነት አብሮ የዘለቀባቸውም አሉ። አብዛኛው የሚረዳ ነገር አለው። ግን ዘግይተው ነው የሚመጡት።» ይህንን ሁሉ ጻፍኩ። መጻፍ አያቅተኝም።

መድኃኒቱን አክስቱ ጋ ሆኖ ቀጠለ። መጠኑ ተስተካከለ። ከጥቂት ወራት በኋላ እህቴ በስልክ «ሳምንት ሙሉ ደረቅ የሚሆንበት አለ» አለችኝ። ሱቁን ያግዛታል። እናቱን በየቀኑ ያነጋግራል። ከእኔም ጋር ያወራል፤ ስለ ኳስ፣ ስለ ስኳርና ዘይት፣ ስለ ውሃው መምጣትና አለመምጣት። በትሕትና ነው የሚያወራኝ።

በግል የሚፈተኑ ተማሪዎች ምዝገባ ሲጀመር ሄድኩበት። ሱቁ ውስጥ ካርቶን ይደረድራል።

«ምዝገባ ተጀምሯል» አልኩት።

«ሰምቻለሁ። አንተው ነህ በሬዲዮ ያልከው።»

«ትመዘገባለህ?»

«ባለፈውም ዶርም ነው፣ አሁንም ዶርም ነው።»

«አሁን እኮ ተሽሎሃል። አክስትህ በሳምንት አንዴ እንኳ አያመልጠውም ብላኛለች።»

ካርቶኑን አስቀምጦ ዞረ። «አንዴ ይበቃል» አለ።

ወረቀቱን እኔ እይዛለሁ፣ ከፈታሾቹ ጋር እኔ እነጋገራለሁ፣ ታችኛው አልጋ እንዲሰጥህ አስቀድሜ ለኃላፊው እነግራለሁ አልኩት። አንድ በአንድ ሰማኝ። ሲያበቃ «እሺ፣ አስብበታለሁ» አለ፤ አንድ ኃላፊ ማይክራፎን ሲያስጠጉበት በሚመልስበት ድምፅ። እህቴ ከጓዳ ሆና ትሰማለች፤ አልወጣችም።

ምዝገባው ዓርብ በአሥራ አንድ ሰዓት ይዘጋል። ዓርብ ከምሳ በኋላ ስልኬን ጠረጴዛው ላይ አድርጌ ቢሮ ተቀመጥኩ። ለመመዝገብ የሚያስፈልገው ወረቀት ሁሉ እኔ ጋ ነው፤ ቢደውል በግማሽ ሰዓት እደርሳለሁ። ሳይደውል አሥራ አንድ ሰዓት አለፈ። የምዝገባውን መጠናቀቅ የሚገልጸውን ዜና አዘጋጁ ወደ እኔ ላከው፤ አንብቤ፣ አንድ የተሳሳተ ፊደል አርሜ፣ መለስኩለት።